ነፃ ኃይል ቢገኝ ማን ይጠቀማል?



ነዳጅ የማይጠይቅ፣ ማገዶ የማይፈጅ፣ ቆጣሪ የማይቆጥርበት ማሽን ቢፈለሰፍ ኑሯችን ምን ይመስል ነበር? ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው። ጥያቄው ሁለት ፊት አለው። አንዱ የሳይንስ ነው፤ መልሱም አጭር ነው። ሌላው የማኅበራዊ ኑሮ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜዬን የምሰጠው ለእርሱ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልግለጽ፤ የኃይል ምንጩ በነፃ መገኘቱ ብቻውን የደሃውን ቤት አያበራም። ኃይሉ ማን ቤት እንደሚገባ፣ በማን እጅ እንደሚያዝ፣ ልኩ የት ድረስ እንደሆነ የሚወስነው ሕዝብና መንግሥት የሚያቆሙት ሥርዓት ነው።

ከሳይንሱ ልጀምር። በ12ኛው መቶ ዘመን የህንዱ የሒሳብ ሊቅ ባስካራ ሜርኩሪ የተሞላበት፣ አንዴ ከተነሣ የማይቆም መንኰራኵር አስቦ ነበር። ከእርሱ በኋላ በአውሮፓም ብዙዎች የየራሳቸውን ንድፍ ይዘው ተነሡ። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1775 እንዲህ ያለ ማመልከቻ ከእንግዲህ አልመረምርም ብሎ ወሰነ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሐዘኔታ ያለበት ነው፤ ለአገር ብዙ ሊሠሩ የሚችሉ ባለሙያዎች ሀብታቸውንና ዘመናቸውን በዚህ ምኞት ሲጨርሱ፣ ቤተሰባቸው ሲደኸይ አካዳሚው ተመልክቶ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ማየር፣ ጁልና ሄልምሆልትስ የተባሉ ሳይንቲስቶች ሕጉን አጸኑት፤ ኃይል ከመልክ ወደ መልክ ይለወጣል እንጂ ከምንም አይፈጠርም።

ሕጉ ከታወቀ በኋላም ተስፋ የሚሸጡ አልጠፉም። ጆን ኪሊ የተባለ የፊላደልፊያ ሰው ከውኃና ከአየር ስውር ኃይል የሚያወጣ ሞተር አለኝ እያለ ከ20 ዓመት በላይ የባለሀብቶችን ገንዘብ ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ1898 ከሞተ በኋላ ቤተ ሙከራው ሲፈተሽ የታመቀ አየር ሊያከማች የሚችል ግዙፍ የብረት ሉል ከምድር ቤቱ ተገኘ። ስለዚህ መልሱ ግልጽ ነው፤ ከምንም ኃይል የሚፈጥር ማሽን የለም፣ አይኖርምም።

ነዳጁ የማይከፈልበት ኃይል ግን በእጃችን አለ። ለፀሐይ ጨረር፣ ለወንዝ ፍሰት፣ ለነፋስ ማንም አይከፍልም። ገንዘብ የሚጠይቀው ማሽኑ፣ ማጠራቀሚያው፣ መስመሩና የሚጠግነው ባለሙያ ነው። የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሉዊስ ስትራውስ እ.ኤ.አ. በ1954 ልጆቻችን ቆጥረው የማይከፍሉበት ርካሽ ኤሌክትሪክ ያገኛሉ ብለው ተናግረው ነበር። አልሆነም፤ የዩራኒየሙ ወጪ ትንሽ ቢሆንም ጣቢያውን መገንባት ከባድ ወጪ ጠየቀ። በሌላ በኩል ከፀሐይ የሚገኝ ኤሌክትሪክ የማምረቻ ወጪ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ከ80 በመቶ በላይ ወርዷል። ስለዚህ ኃይል በነፃ ሊባል እስኪደርስ ቢረክስ ምን ይከተላል ብሎ ማሰብ የዘመናችን ተገቢ ጥያቄ ነው።

ለውጡን ከማእድ ቤት እጀምራለሁ። በአገራችን አብዛኛው ቤት እንጀራ የሚጋገረው በእንጨት፣ በቅጠልና በኩበት ነው። ከእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ ሸክም አዝለው የሚወርዱትን እናቶች የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው ከቤት ውስጥ ጭስ የተነሣ በዓለም ላይ በዓመት ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰው ይሞታል። ኃይል በብዛት ቢገኝ መጀመሪያ የሚፈታው የእነዚህ እናቶች ወገብ ነው፤ ማገዶ ለቀማ የምትወጣው ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ኩበቱ ከምድጃ ወደ ማሳ ይመለሳል። ነገር ግን አንድ ቁጥር ልብ በሉ። አንድ የኤልኢዲ አምፖል 10 ዋት ገደማ ይበቃዋል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። አምፖል የሚያበራ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ የገባለት ቤት ከጨለማ ወጣ እንጂ ከጭስ አልወጣም። ለሴቶች የሚደርሰው ለውጥ የሚለካው ምጣዱ በምን ጋለ በሚለው ነው።

ሁለተኛው ውኃ ነው። ዛሬ አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውኃ አጣርቶ ለመጠጥ ለማብቃት ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። የዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ከተሞች ጥማቸውን የሚቆርጡት በዚህ መንገድ ነው። ኃይሉ ቢረክስ ውኃ ማጣራትም ከጥልቅ ጉድጓድ መሳብም ለደሃ አገር የሚቻል ይሆናል።

ሦስተኛው ማዳበሪያ ነው። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ሰብል ግን ከአየር እንዳለ ሊወስደው አይችልም። ወደ ማዳበሪያ ለመቀየር ብርቱ ኃይል ይጠይቃል፤ ዛሬ ይህ በአብዛኛው የሚሠራው በተፈጥሮ ጋዝ ነው። ኖርዌይ ግን በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በፏፏቴዎቿ ኤሌክትሪክ ከአየር ማዳበሪያ ሠርታለች። የዘር ወቅት በደረሰ ቁጥር የማዳበሪያ መርከብ ለምትጠብቅ አገር ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

አራተኛው ብረታ ብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 የዋሽንግተን ሐውልት ጫፍ በአሉሚኒየም ሲከደን ብረቱ ብርቅ ስለነበር ክብር ያለው ሥራ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ሆልና ፈረንሳዊው ኤሩ፣ ሁለቱም ገና ወጣቶች፣ በኤሌክትሪክ የሚነጠልበትን ዘዴ በየፊናቸው አገኙ። ዛሬ አሉሚኒየም የድስታችንና የመስኮታችን ዕቃ ነው። ኃይል ሲረክስ ውድ የነበረው ነገር ወደ ተራው ሰው ቤት ይገባል።

ክቡራትና ክቡራን፣

እስካሁን የተናገርሁት በረከቱን ነው። አሁን ወደ ፈተናው እናልፋለን፤ ፈተናውን ለማየት ደግሞ ሩቅ ማለም አያስፈልግም። የህንዷ ፑንጃብ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ለገበሬዎቿ የውኃ መሳቢያ ኤሌክትሪክ በነፃ ሰጥታለች። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ እህልም በዝቷል። ይሁን እንጂ የማይከፈልበትን ፓምፕ ለማጥፋት የሚቸኩል የለም። ብዙ ውኃ የሚፈልገው ሩዝ ተስፋፋ፤ የከርሰ ምድር ውኃውም ከዓመት ዓመት ወደ ታች ሸሸ። አቅም ያለው ጉድጓዱን አጠለቀ፣ ጠንካራ ፓምፕም ገዛ፤ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ የነበረው ድሃ ውኃ አጣ። ኤሌክትሪኩ ነፃ ቢሆንም ውኃው ነፃ አልነበረም። ኃይል ገደብ ሲያጣ ጉዳቱ የሚያርፈው ገደብ ባላቸው ነገሮች ላይ ነው፤ በውኃ ላይ፣ በአፈር ላይ፣ በደን ላይ።

እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጄቮንስ ይህን እ.ኤ.አ. በ1865 አስተውሎታል። የእንፋሎት ሞተር ትንሽ ከሰል እንዲበቃው ሲደረግ የአገሪቱ የከሰል ፍጆታ ከመቀነስ ይልቅ ይጨምራል ብሎ ጻፈ። የረከሰ ነገር ብዙ ይፈለጋል።

ከዚያም በላይ ተፈጥሮ ራሷ ያስቀመጠችው ድንበር አለ። የምንጠቀምበት ኃይል ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። የሰው ልጅ ዛሬ የሚጠቀመው ወደ 19 ቴራዋት ሲሆን፣ ምድር ከፀሐይ የምትቀበለውና የምታስቀረው ወደ 120,000 ቴራዋት ነው። ፍጆታችን በየዓመቱ 2.3 በመቶ ቢያድግ በመቶ ዓመት አሥር እጥፍ ይሆናል። በዚህ ከቀጠለ 400 ዓመት ሳይሞላ ከማሽኖቻችን የሚወጣው ሙቀት ምድር ከፀሐይ ከምታገኘው ይበልጣል። ምንም ጭስ የማያወጣ ተአምረኛ ማሽን ቢኖረን እንኳ መጠን ማበጀት ግዴታችን ነው።

ሌላው ፈተና የባለቤትነት ነው። ነዳጅ ዋጋ ቢያጣ በነዳጅ ሽያጭ የሚተዳደሩ አገሮች ይናወጣሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በየቤቱ ተቀጥረው ለወላጆቻቸው ገንዘብ የሚልኩ በርካታ ኢትዮጵያውያን እኅቶች አሉን፤ የአሠሪው ገቢ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚሰናበተው የእነርሱ ዓይነት ሠራተኛ ነው። ማሽኑን በባለቤትነት የያዘ ኩባንያ ወይም አገር ደግሞ ትናንት የነዳጅ ጉድጓድ ባለቤቶች የነበራቸውን ሥልጣን ይወርሳል። የፈጠራው ባለቤት ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ መነሣት ያለበት ማሽኑ ከመሠራቱ በፊት ነው።

የራሳችንን ጉዳይ እንመልከት። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። የዓባይ ውኃ ተርባይኑን ሲያዞር የነዳጅ ክፍያ አይጠየቅበትም። ሕዝቡ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ገበሬው፣ በውጭ አገር የሚኖረው ወገን ቦንድ ገዝቶ፣ መዋጮ ከፍሎ ገንብቶታል። እንዲህም ሆኖ ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው የኤሌክትሪክ አገልግሎት አያገኝም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው የአባቶች ብሂል በመብራትም ሊደገም አይገባውም። የጎደለን ወንዝ አይደለም፤ የጎደለን ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ትራንስፎርመርና በየወረዳው የሚጠግን ሠልጣኝ ነው። የዳታ ማይኒንግ ኩባንያዎች፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ በኮምፒውተር የሚያመርቱት፣ ከዋናው መስመር አጠገብ ሰፍረው ርካሹን ኃይል በውጭ ምንዛሪ ይገዛሉ። ገቢው ለአገር ይጠቅማል። ጥቅሙ የሚሟላው ግን ያ ምንዛሪ ሽቦ ሆኖ ወደ ገጠር ሲዘረጋ ነው።

ስለዚህ ሦስት አደራ አለኝ።

የመጀመሪያው ለወጣት ፈልሳፊዎች ነው። እጃችሁ አይሰብሰብ። ማሽናችሁ ከሚገባበት ኃይል ይበልጥ የሚያወጣ ከመሰላችሁ ባትሪውን አውጡ፣ ከውጭ የሚገናኘውን ሽቦ ሁሉ ንቀሉ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን በሌላ ሰው መሣሪያ አስለኩ። የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በኑክሌር ውህደት ሙከራ 2.05 ሜጋጁል በሌዘር አስገብተው 3.15 ሜጋጁል ሲያገኙ፣ ሌዘሮቹን ለማንቀሳቀስ ከመስመር የተሳበው 300 ሜጋጁል ገደማ መሆኑንም አብረው ተናግረዋል። ታማኝ ሳይንስ እንዲህ ነው። ብዙ ጭስ የማያወጣ ምጣድ፣ በቀላሉ የሚጠገን የፀሐይ ፓምፕ፣ ርካሽ ማጠራቀሚያ ሥሩልን፤ አገር የምትፈልገው እርሱን ነው።

ሁለተኛው ለጋዜጠኞች ነው። ያለ ነዳጅ የሚሠራ ጄኔሬተር ተፈለሰፈ የሚል ዜና ሲመጣላችሁ የመለኪያውን ውጤት ሳታዩ አታስተላልፉ። የሕዝብ ገንዘብና የወጣቱ ዕድሜ የሚባክነው በእንዲህ ያለ ዜና ነው።

ሦስተኛው አገር ለሚመሩና ለሁላችንም ነው። ከእያንዳንዱ አዲስ የኃይል ማመንጫ ጋር ለገጠሩ መስመር የሚሆን በጀት፣ ለውኃና ለደን የሚሆን ሕግ አብሮ ይውጣ። ፀሐይና ወንዝ ድርሻቸውን በነፃ ሰጥተውናል። እስከ መጨረሻዋ ጎጆ ማድረስ የእኛ ሥራ ነው፤ ይህንን ሥራ የሚሠራልን ማሽን አይፈለሰፍም። ዛሬውኑ እንጀምረው።