ከዓቃቤ ሕግነት ወደ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



በዚህ በዓል እንድንናገር ስንታዘዝ የመረጥነው ሰው ንጉሥም የጦር መሪም አይደለም። በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ግዛት ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ከሆኑ በኋላ ወደ አገሪቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የገቡት ሚስተር ኤድዋርድ ብሩክ ናቸው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሚስተር ብሩክ በ1919 በዋሽንግተን ከተማ ከጥቁር ቤተ ሰብ ተወለዱ። በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኢጣልያ ግንባር ተዋግተው ሲመለሱ በቦስተን ሕግ አጠኑ። በ1950፣ በ1952 እና በ1960 ለምርጫ ቀርበው ሦስቱንም ጊዜ ተሸነፉ። ሌላ ሰው ቢሆን ይበቃኛል ባለ ነበር። እርሳቸው ግን በ1962 ለጠቅላይ ዓቃቤ ሕግነት ተወዳድረው አሸነፉ፤ ይህ ሹመት በዚያ ግዛት በሕዝብ ድምፅ የሚገኝ ነውና።

እኛን ያከራከረን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በቦስተን ጥቁር ልጆች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ከነጮቹ የተለዩና የተጎዱ ስለ ነበሩ፣ ይህን ለመቃወም ልጆቹ ከትምህርት ገበታ እንዲቀሩ ጥሪ ተደረገ። ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ግን ሕጉ ይህን አይፈቅድም ብለው አስታወቁ። በክርክር ክበባችን ገሚሶቻችን «ወገናቸውን ካዱ» አልን፤ ገሚሶቻችን ደግሞ «የሁሉ ጠበቃ የተባለ ሰው ለወገኑ ሲል ሕግን ቢያጣምም ነገ ማን ያምነዋል?» አልን። እስከ ዛሬም አልተስማማንም። ሁላችንም የተቀበልነው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሕግ አስከባሪ ሕጉ የጎደለውን በቅርብ ሊያይ ቢችልም ሊሞላው የማይችል መሆኑን ነው።

ሕግ ወደሚወጣበት ቤት በ1966 ተመረጡ። ከእርሳቸው በፊት፣ በ1870ዎቹ ዓመታት፣ ሁለት ጥቁር ሰዎች በሚሲሲፒ ግዛት ምክር ቤት ተመርጠው ገብተው ነበር፤ በሕዝብ ድምፅ የገባ ጥቁር ግን ሚስተር ብሩክ የመጀመሪያው ናቸው። ያውም በመረጣቸው ግዛት ከመቶ ሰው ሦስቱ እንኳ ጥቁር አልነበረም።

በ1968 ከሴናተር ዋልተር ሞንዴል ጋር ሆነው፣ ቤት ሲሸጥና ሲከራይ ሰውን በዘሩ መከልከልን የሚያግደው ሕግ እንዲጸድቅ ደከሙ። በ1969 ደግሞ በስማቸው የሚጠራው ማሻሻያ ወጣ፤ ይኸውም በመንግሥት ቤት የሚኖር ድኻ ከገቢው ሩብ በላይ ኪራይ እንዳይጠየቅ ነው። በወር 80 ዶላር የምታገኝ እናት ከ20 ዶላር በላይ አትከፍልም ማለት ነው። እኛ ከብዙ ያማረ ንግግር ይልቅ ይህችን ትንሽ ስሌት እንወዳለን፤ የኪራይ ቀን ምን እንደሚመስል ከወላጆቻችን መካከል የሚያውቁት አሉና።

በ1973 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሥልጣናቸውን እንዲለቁ ከገዛ ፓርቲያቸው ሴናተሮች ሁሉ ቀድመው በግልጽ ጠየቁ። በ1978 ግን ነገሩ ተገለበጠ። በፍቺ ክርክራቸው ስለ አንድ ብድር በመሐላ የሰጡት ቃል ትክክል አለመሆኑን ራሳቸው አመኑ፤ በዚያው ዓመት በፖል ሶንጋስ ተሸነፉ። ይህን ልንደብቅላቸው አልፈለግንም።

በ2009፣ በ90 ዓመታቸው፣ ምክር ቤቱ የወርቅ ሜዳይ ሸለማቸው፤ በ2015 ዐረፉ። የኪራዩ ስሌት ከ1981 ወዲህ ድርሻው ወደ 30 ከመቶ ከፍ ቢልም እስከ ዛሬ ይሠራበታል።