የመጨረሻው የሐረር አሚር እና የከተማ አማና
(በመስጊዳችን የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 



ኮሚቴው ከቀደሙት የከተማ አስተዳዳሪዎች ስለ አንዱ እንድናገር ባዘዘኝ ጊዜ የመጨረሻውን የሐረር አሚር፣ አሚር አብዱላሂን መረጥኩ። ማዕረጋቸው አሚር ይባል እንጂ የዕለት ሥራቸው ዛሬ ከንቲባ ከሚሠራው ብዙ የራቀ አልነበረም፤ በር ማስጠበቅ፣ ገበያ ማስከበር፣ ገንዘብ መቆጣጠር ነው። ጀጎልም ብትሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ብዙ የማታስኬድ፣ በአምስት በሮች የምትዘጋ ትንሽ ከተማ ነበረች።

ግብጾች እ.ኤ.አ. በ1875 ሐረርን ሲይዙ አሚር ሙሐመድን ገደሉ። ዐሥር ዓመት ያህል ገዝተው በ1885 ሲወጡ ሥልጣኑ ወደ አሚሮቹ ቤተሰብ ተመለሰና ለአብዱላሂ ደረሰ። የተረከቡት ቀላል ሸክም አልነበረም። በአንድ በኩል የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ዓይናቸውን ጥለዋል፤ በሌላ በኩል በከተማዪቱ የሚነግዱትን አውሮፓውያን አሚሩ የምኒልክ ተባባሪዎች ናቸው ብለው ይጠረጥሯቸዋል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። አሚሩ አዲስ ገንዘብ አወጡ፤ ገንዘቡም ሕዝቡን አደኸየው። ሐረር የነጋዴ አገር ናት፤ ቡናዋም ሌላውም ሸቀጧ ወደ ዘይላ ወደብ እየወረደ ነው የኖረችው። በእጁ ያለው ገንዘብ ዋጋ ያጣበት ነጋዴ ልቡ ከገዢው ጋር አይሆንም። ሰው ስለ ጨለንቆ ብቻ ያወራል፤ በእኔ አስተያየት ግን አማናው መጀመሪያ የተጓደለው በገበያው ነው።

በ1886 ጅልዴሳ ላይ የኢጣሊያ ተጓዦች ተገደሉ። ምኒልክም ይህን ለዘመቻቸው ምክንያት አደረጉት። መጀመሪያ የመጣውን ጦር የአሚሩ ሰዎች ሂርና ላይ በሌሊት ርችት እየተኮሱ አስደንግጠው በተኑት። ንጉሡ ራሳቸው ሲመጡ ግን አሚሩ ያንኑ ዘዴ ደገሙት፤ ከግንቡ ወጥተው ጨለንቆ ላይ ገጠሙ። መድፎች ነበሯቸው፤ ከግንቡ ጀርባ ሆነው ቢጠብቁ ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችል ነበር የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። 1879 ዓ.ም. ነበር፤ በሂጅራ 1304። ውጊያው ብዙ አልቆየም፤ የወደቀው ሰው ግን ብዙ ነው። አላህ ይዘንላቸው።

አሚሩ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ምሥራቅ ሸሹ። በከተማው የቀሩት አጎታቸው ዐሊ አቡ በርካ ነበሩ። እሳቸው ለንጉሡ ገብተው ለሕዝቡ ምሕረት ለመኑ። ይህን እጅ መስጠት ነው ብሎ የሚንቅ አለ። እኔ አልንቀውም፤ ጦር ሠራዊቱ አልቆ፣ ሴትና ሕፃን ከግንቡ ውስጥ ቀርቶ፣ ስለ ክብሬ ብሎ ዝም ማለት ከእጅ መስጠት የከፋ ነበር። ዩኔስኮ በ2006 የዓለም ቅርስ ብሎ በመዘገባት ጀጎል 82 መስጊዶች ይቆጠራሉ።

የሐረር ግዛት በኋላ ራስ ለተባሉት ለመኮንን ተሰጠ። አሚር አብዱላሂም ከዓመታት በኋላ ወደ ሐረር ተመለሱ። ሌላ ሰው በሚያስተዳድራት ከተማቸው በዒልምና በዒባዳ ኖረው በ1930 ወደ አኺራ ሄዱ።