ማጠፊያ ያለው በር
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በኮምፒዩተር ክበብ ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር





በዛሬው የደስታ ቀን ስለ ክበባችን ሥራ ጥቂት እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከሁሉ አስቀድመን ምስጋናችንን እናቀርባለን። የምንናገርበት ነገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ስልክ ያላችሁ ሁሉ ስሙን ሳታውቁት በየቀኑ በጣታችሁ ስትነኩት የምትውሉት ነው። ይኸውም በድረ ገጽ ላይ ሲነኩት የሚከፈት፣ የሚዘጋና የሚለወጥ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ነው። በተለይም ይህን ሥራ ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ በሚባሉት በሁለቱ ብቻ እስከ የት ድረስ ማድረስ እንደሚቻል፣ ከየት ላይ እንደሚቆምም ደክመን ያገኘነውን እናካፍላችኋለን።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። በዓሉ ሲቃረብ የትምህርት ቤታችን ታሪክ የሚነበብበት፣ የድሮ ፎቶግራፎች የሚታዩበትና የቀድሞ ተማሪዎች ስማቸውን የሚያስመዘግቡበት አንድ ድረ ገጽ እንድናዘጋጅ ታዘዝን። እኛም በደስታ ተቀብለን በሁለት ሳምንት ጨረስነው። በክበባችን ኮምፒዩተር ላይ ሲታይ እጅግ ያማረ ነበር፤ ርእሱ ሲነካ ታሪኩ ይዘረጋል፤ ፎቶግራፉ ሲነካ ይተልቃል። ለዚህም ሁሉ ሌሎች ሰዎች የጻፉትን አንድ ትልቅ ፕሮግራም አምጥተን ከገጹ ጋራ አያይዘነው ነበር። በውስጡ ምን እንዳለ ግን ከመካከላችን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የአንዱ ጓደኛችን እናት በገበያ ሳሉ ገጹን በአሮጌ ስልካቸው ከፈቱት። ርእሶቹ መጡላቸው፤ ቢነኳቸው ግን አልከፈት አሉ። ኔትዎርኩ ደካማ ስለ ነበረ ያ ከባድ ፕሮግራም በመንገድ ቀርቶ ነበር። እርሳቸውም ማታ ለልጃቸው፣ «የሠራችሁትን ገጽ አየሁት፤ ርእስ ብቻ ነው፤ ምነው፣ ትምህርት ቤታችሁ ታሪክ የለውም እንዴ?» አሉት።

ጓደኛችን ይህን ሲነግረን ሁላችንም አፈርን። ታሪኩ እኮ እዚያው በስልካቸው ውስጥ ደርሶ ነበር! ነገር ግን እኛ ቆልፈንበት ቁልፉን በሌላ መኪና ልከነው ነበር፤ መኪናውም አልደረሰም። በዚያ ቀን ሥራውን ከመጀመሪያው ለመጀመር ወሰንን።

እንግዲህ ስሕተታችን ምን እንደ ነበረ ግልጥ እንዲሆን ገጽ ከምን ከምን እንደሚሠራ በአጭሩ እንናገር። የምንጠራቸው የታሪክ ዓመታት በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው። የድርን አሳብ በ1989 ያቀረበው በጄኔቭ አጠገብ ባለው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ነው፤ ኤችቲኤምኤልንም ያወጣ እርሱ ነው። የኤችቲኤምኤል ሥራ እያንዳንዱ ነገር ምን እንደ ሆነ መናገር ነው፤ ይህ ርእስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ሥዕል ነው ይላል። በ1994 ደግሞ ሆኮን ዊዩም ሊ የተባለ የኖርዌይ ሰው የሲኤስኤስን አሳብ አቀረበ፤ የመጀመሪያውም ደንብ በ1996 መጨረሻ ጸደቀ። የሲኤስኤስ ሥራ ነገሩ ምን እንደሚመስል መናገር ነው፤ ቀለሙን፣ መጠኑን፣ ቦታውን፣ መታየቱንና መሰወሩን ይወስናል። በመካከሉም በ1995 ብሬንደን አይክ በኔትስኬፕ ኩባንያ ሳለ ጃቫስክሪፕትን ሠራ። ይህኛው «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አድርግ» እያለ ትእዛዝ የሚሰጥ የፕሮግራም ቋንቋ ነው።

ነገሩን በቤት ብንመስለው፣ ኤችቲኤምኤል ግድግዳውና በሩ ነው፤ ሲኤስኤስ ልስኑና ቀለሙ ነው፤ ጃቫስክሪፕት ግን በር ላይ ቆሞ የሚከፍትና የሚዘጋ ዘበኛ ነው። እኛም ለእያንዳንዱ በር ዘበኛ ቀጥረን ነበር፤ ዘበኛው ሲዘገይ ቤቱ በሙሉ ተዘግቶ ቀረ። በር ማጠፊያ ካለው ግን እንግዳው ራሱ ገፋ አድርጎ ይገባል። ስለዚህ በኤችቲኤምኤልና በሲኤስኤስ ውስጥ ማጠፊያ የሚሆነን ነገር እንፈልግ ጀመር።

የመጀመሪያውን ያገኘነው ሳንርቅ ነው። ዲቴይልስ የሚባል የኤችቲኤምኤል ምልክት አለ። የታሪኩን ጽሑፍ በእርሱ መካከል እናስገባለን፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ ያለውንም ርእስ ሰመሪ በሚባል ምልክት እንከባለን። ከዚህ በቀር የሚጨመር የለም። ብራውዘሩ፣ ማለት ገጹን የሚያሳየን ፕሮግራም፣ ርእሱን ብቻ አሳይቶ የቀረውን ይሰውራል፤ ሲነኩት ይዘረጋል፤ ዳግመኛ ሲነኩት ይታጠፋል። በኮምፒዩተር ቁልፍ ብቻ ለሚሠራ ሰውም ይከፈትለታል። ክሮም ይህን በ2011፣ ፋየርፎክስ በ2016፣ ኤጅ በ2020 ተቀብለውታል። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘን ግን ይህ ነው፤ ብራውዘሩ አሮጌ ሆኖ ምልክቱን ጨርሶ ባያውቀው እንኳ ጽሑፉ ተዘርግቶ ይታያል እንጂ አይጠፋም። ማጠፊያው ቢሰበር በሩ ክፍት ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

ሁለተኛው ለፎቶግራፎቹ ሆነን። ለእያንዳንዱ ትልቅ ሥዕል አንድ መለያ ስም ሰጠነው፤ ትንሹንም ሥዕል ወደዚያ ስም የሚወስድ ማገናኛ አደረግነው። ትንሹ ሲነካ ያ ስም ከ# ምልክት ጋራ በገጹ አድራሻ መጨረሻ ላይ ይጻፋል። ሲኤስኤስ ደግሞ ታርጌት የሚባል ቃል አለው፤ ትርጉሙም «አድራሻው ያመለከተው ይህንን ነው» እንደ ማለት ነው። እኛም ትልልቆቹን ሥዕሎች ሁሉ ሰውረን፣ አድራሻው ያመለከተው ብቻ ይታይ ብለን ጻፍን። በዚህ መንገድ የተከፈተውን ሥዕል አድራሻ ለዘመድ ልኮ ያንኑ ሥዕል ማሳየት ይቻላል፤ የመመለሻውም ቁልፍ ሲነካ ሥዕሉ ይዘጋል።

ሦስተኛው የመመዝገቢያው ቅጽ ነው። ስም ሳይሞላ እንዳይላክ፣ የኢሜይልም አድራሻ በትክክለኛው መልክ እንዲጻፍ ኤችቲኤምኤል በአንድ በአንድ ቃል ማዘዝ ይችላል፤ ሲኤስኤስም የተሳሳተውን ሳጥን በቀይ ያሰምርበታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጋጠመን። የኤችቲኤምኤል የቀን ሳጥን የሚያውቀው የኤውሮጳን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ የእኛ ተመራቂዎች ግን ዓመታቸውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የሚያስቡት። ስለዚህ የቀኑን ሳጥን ትተን ተራ የቁጥር ሳጥን አደረግን፤ ትንሹንና ትልቁን ዓመት ወሰንንለት፤ በአጠገቡም «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብለን ጻፍን። ይሁን እንጂ በገጹ ላይ የሚደረገው ምርመራ ለሞላው ሰው እርዳታ ነው እንጂ ጥበቃ አይደለም። ተንኮለኛ ሰው ሊያልፈው ስለሚችል መዝገቡን የሚቀበለው ኮምፒዩተር ዳግመኛ መመርመር አለበት።

እስከዚህ ድረስ ሥራው ስለ ተሳካልን ኩራት ያዘን። ሁለተኛውም ስሕተታችን የመጣው ከዚህ ኩራት ነው።

በገጹ ራስ ላይ ወደ ልዩ ልዩ ክፍሎች የሚወስድ ዝርዝር ነበረን፤ ይህንንም ሲነኩት ብቻ የሚወጣ ልናደርገው ፈለግን። በመጀመሪያ አይጥ ሲያርፍበት የሚዘረጋ አድርገን ነበር፤ ነገር ግን በስልክ ላይ አይጥ የለምና ተውነው። ከዚያም ብዙ ሠሪዎች የሚያውቁትን አንድ ዘዴ ተማርን። በቅጽ ላይ «አዎን» ለማለት ምልክት የሚደረግባት ትንሽ ሳጥን አለች። ሳጥኗ ምልክት ሲደረግባት ሲኤስኤስ ያውቃል፤ ከእርሷም በኋላ የተጻፈውን ነገር እንዲታይ ወይም እንዲሰወር ማድረግ ይችላል። ሳጥኗን ራሷን ሰውረን ከእርሷ ጋራ የተሳሰረውን ጽሑፍ ብቻ ብናሳይ ጽሑፉ እንደ ቁልፍ ያገለግላል። እኛም ይህን ሠርተን፣ «ያለ አንድ መስመር ፕሮግራም!» እያልን ለሁሉ አሳየን።

በክበባችን ውስጥ ማየት የተሳነው አንድ ጓደኛ አለን። እርሱ ኮምፒዩተሩን የሚያነበው በገጹ ላይ ያለውን በድምፅ በሚናገር ፕሮግራም ነው፤ የሚያዘውም በቁልፎች ብቻ ነው። ገጹን ሰጠነውና ዝርዝሩን እንዲከፍት ጠየቅነው። እርሱም ከላይ እስከ ታች ሄዶ፣ «የምትሉት ዝርዝር የት አለ?» አለን። ለካ ሳጥኗን ፈጽመን ስለ ሰወርናት ቁልፎቹ ዘለዋት ያልፉ ኖሯል። ለዐይን ብቻ እንድትሰወር አድርገን አስተካከልናትና ዳግመኛ ሞከረ። አሁን ደግሞ የሚናገረው ፕሮግራም፣ «የምልክት ሳጥን፤ ምልክት አልተደረገበትም» አለው። ጓደኛችንም ስቆ፣ «የምን ምልክት ነው የማደርገው? ፈተና ነው እንዴ?» አለን።

ሳቅን፤ ነገሩ ግን ገባን። ለእናቲቱ በሩን የዘጋው ፕሮግራም ማብዛታችን ነበር፤ ለጓደኛችን የዘጋው ደግሞ ያለ ፕሮግራም ለመሥራት መጓጓታችን ነው። በሁለቱም ጊዜ ያሰብነው ስለ ራሳችን ብልኀት ነው፤ አንባቢውን ረስተነው ነበር። ኤችቲኤምኤል እያንዳንዱ ነገር ምን እንደ ሆነ የሚናገር ቋንቋ ነው ብለን ነበር፤ እኛ ግን የምልክት ሳጥንን «ቁልፍ ነሽ» ብለን እንድትዋሽ አደረግናት። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩን ብንቆጥረው አምስት መስመር ብቻ ሆኖ አገኘነው። አምስት መስመር ለመሰወር ይህን ያህል ደክመናል! ስለዚህ ዘዴውን ሁሉ ደምስሰን ዝርዝሩን በግልጥ አስቀመጥነው፤ አሁን ማንም ያየዋል፣ ማንም ይሰማዋል።

የምልክት ሳጥኗን ግን ከእነ ጭራሹ አልጣልናትም። ገጹ በጥቁር መደብ ላይ ይነበብ ወይስ አይነበብ የሚለው በእውነት የአዎንና የአይደለም ጥያቄ ስለ ሆነ ለዚህ አዋልናት። ቀድሞ ሲኤስኤስ ማየት የሚችለው በውስጥና በስተኋላ ያለውን ብቻ ነበረ፤ ወደ ላይ ተመልሶ የያዘውን አካል መምረጥ አይችልም ነበር። ሃዝ የሚባለው አዲስ ቃል ግን ይህን ፈታው፤ «በውስጡ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ያለው ገጽ ይጥቆር» ማለት ተቻለ። ይህም ወደ ሳፋሪና ወደ ክሮም በ2022፣ ወደ ፋየርፎክስ በ2023 መጨረሻ ገባ። ሆኖም ሲኤስኤስ ማስታወሻ ደብተር የለውም፤ አንባቢው ወደ ሌላ ገጽ ሲሄድ ምርጫው ይረሳል። ስለዚህ ስልኩ ራሱ አስቀድሞ በጥቁር መደብ ላይ የተዘጋጀ እንደ ሆነ ገጹ ያንኑ ጠይቆ እንዲከተል አደረግን።

እንግዲህ ዘበኛ ጨርሶ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ነገርን ማስታወስ፣ ገጹን ሳይለውጡ አዲስ ነገር ከሩቅ ማምጣት፣ የሰው ጽሑፍ እየተጻፈ ሳለ ዝርዝርን ማበጠር፣ ይህ ሁሉ የጃቫስክሪፕት ሥራ ነው። እኛም በመጨረሻ የተመራቂዎችን ስም ለመፈለጊያ አንዲት አጭር ፕሮግራም ጻፍን። እያንዳንዷን መስመር ራሳችን ስለ ጻፍናት የምትሠራውን እናውቃለን። እርሷ በመንገድ ብትቀር ስሞቹ በሙሉ ተዘርዝረው ይታያሉ፤ አንባቢው የሚያጣው ፍጥነትን ብቻ ነው።

ከዚህ ሥራ የተማርነውን ለታናናሾቻችን በሦስት ቃል እንተውላቸው። መጀመሪያ ጽሑፉ ያለ ምንም ጌጥ የሚነበብ ይሁን። ቀጥሎ ብራውዘሩ ራሱ የሚያውቀውን ማጠፊያ ፈልጉ፤ ካልበቃ ብቻ ዘበኛ ጥሩ። ከዚያም ጨርሰናል ከማለታችሁ በፊት በአሮጌ ስልክና በደካማ ኔትዎርክ፣ በቁልፍ ብቻ፣ በጆሮም ብቻ አስሞክሩት። የእኛን ስሕተት ያገኘው መጽሐፍ አልነበረም፤ በገበያ የነበሩ አንዲት እናትና አብሮን የሚማር ጓደኛ ናቸው።

ንግግራችንን ከመጨረሳችን በፊት የእናቲቱን ነገር እንፈጽም። ገጹን እንደገና ከሠራን በኋላ በዚያው ስልክ፣ በዚያው ገበያ ከፈቱት። ማታም ልጃቸውን ጠርተው፣ «ታሪኩን አነበብሁት። መልካም ነው። ነገር ግን የቤተ መጻሕፍቱ መከፈቻ ዓመት ተሳስቷል፤ እኔ እዚያ ተማሪ ነበርሁ፤ መጻሕፍቱን ተሸክመን ያስገባነው እኛ ነን» አሉት። እኛም በማግሥቱ ዓመቱን አርመን ጻፍን።

ክቡራን ሆይ፣ ይህ እርማት በሩ እንደ ተከፈተ ምስክራችን ነው። በእናንተም ዘንድ ያላወቅነው ብዙ ታሪክ እንዳለ እናምናለን። ገጹን ክፈቱት፤ አንብቡት፤ የተሳሳትነውንም ንገሩን።

 ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር!