ከስደት መልስ፦ የመጀመሪያው ዕይታችን

በጎርጎራ ለአካባቢው አጥቢያዎች ካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ የተከበራችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ እናቶቻችንና ወንድሞቻችን፦

ከስደት ተመልሶ በሀገር ስለ መኖርና ስለ መሥራት እንድንናገር በታዘዝነው መሠረት፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያየነውንና የተሳሳትነውን ሳንደብቅ እናቀርባለን። «እኛ» ስንል፣ በአረብ ሀገር በጉልበት ሥራ ሰባት ዓመት ቆይተን በ2010 ዓ.ም. በወርኃ ጥር የተመለስን፣ ዛሬም በዚህ ሐይቅ ዳር በተራድኦ ሥራ የተሰማራን ሁለት የአገልግሎት ባልንጀሮች ማለታችን ነው።

ለሥራ ወደዚህ ስንመጣ ከባሕር ዳር የተሳፈርነው በመርከብ ነበር። በቁንዝላ አድረን በማግስቱ ወደ ሰሜኑ ዳርቻ ስንቃረብ፣ በሩቁ ሰፊ ለምለም መስክ አየን። አሸዋ ሲያይ የኖረ ዓይናችን በልምላሜው ረክቶ «ሀገራችን ምንኛ ለመለመች!» ተባባልን። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ዓሣ አጥማጅ አባት ግን ቀና ብለው አዩንና «ልጆቼ፣ ያ መስክ አይደለም፤ እንቦጭ ነው» አሉን። በ2003 ዓ.ም. ስንሰደድ የዚህን አረም ስም እንኳ አልሰማንም ነበር፤ በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነውና። ለእርሳቸው መረብ መጣያና ታንኳ ማስጠጊያ ያሳጣቸውን ነገር እኛ ውበት ብለን አደነቅነው።

ከዚህ ልንማር ሲገባን ወዲያው አልተማርንም። ሥራ በጀመርን በሁለተኛው ወር፣ እናቶች ከሐይቁ በጀሪካን ውኃ እየቀዱ በጀርባቸው ሲያመላልሱ አይተን አዘንን። በእጅ ፓምፕ የሚሠራ ጉድጓድ እናስቆፍር ብለን፣ ከመንገድ ዳር ያለ ሜዳ መርጠን ችካል ተከልን፤ የወጪውንም ግምት ጽፈን ጨረስን። ወሩ የካቲት ነው፤ ዋልካው አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከቀጂዎቹ አንዲት እናት ጀሪካናቸውን አስቀምጠው «ዲያቆን፣ ይህን ሜዳ በክረምት አይተኸዋል?» ሲሉ ጠየቁ። እኛ የደጋ ልጆች ነን፤ የደንቢያን ክረምት አናውቅም ነበር። «ሐምሌ ሲገባ ይህ ሁሉ ውኃ ነው። ጉድጓዳችሁም ጎርፍ ይገባበታል» አሉን። ቅር እያለን ሥራውን አቆየነው። በሐምሌ ተመልሰን ስናይ ሜዳው ሐይቅ መስሎ፣ ችካሎቻችን ከነጫፋቸው ሰጥመው ነበር። ዛሬ ጉድጓዱ ያለው እኒያ እናት ባመለከቱት ከፍታ ላይ ነው፤ ቁልፉን ከሚይዙት የውኃ ኮሚቴ አባላትም አንዷ እርሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ መጽሐፈ ነህምያን ደግመን አነበብን። ነህምያ ከሱሳ ወደ ኢየሩሳሌም በተመለሰ ጊዜ ንጉሡ የሰጠው ደብዳቤ በእጁ ነበር፤ ጭፍራም አጅቦት ነበር። ነገር ግን በደረሰ ዕለት ዕቅዱን አላወጀም። ሦስት ቀን ቆየ፤ በሌሊት ተነሥቶ ከጥቂት ሰዎች ጋር የፈረሰውን ቅጥርና የተቃጠለውን በር ዞሮ ተመለከተ። ለሕዝቡ የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሕዝቡም ተነሥቶ ሠራ። እኛ ግን አስቀድመን ተናግረን ኋላ ተመለከትን።

ጎርጎራም ራሷ ለዚህ ምስክር ናት። በአሮጌው ጎርጎራ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ያሠሩት የድንጋይ ሕንፃ ዛሬ ፍርስራሽ ነው። የሕዝቡን ልብ ሳይጠይቅ የታወጀው ለውጥ ብዙ ደም አፍስሶ፣ ንጉሡ በ1624 ዓ.ም. የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ሣር ክዳኗ ደብረ ሲና ማርያም ግን ከነሥዕሎቿ ቆማ ይቀደስባታል፤ የሕዝቡ ናትና፣ ሣሯ ባረጀ ቁጥር የሚከድናት አላጣችም።

ክቡራን ሆይ፣ መሳሳት ግን የተመላሹ ብቻ ዕጣ አይደለም፤ ተቀባዩም በመጀመሪያ ዕይታው ይሳሳታል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል፤ ከዚያም ወዲህ መመለሱ አልተቋረጠም። ተመላሹን «እንኳን ለሀገርህ መሬት አበቃህ» ብለን እንቀበለዋለን፤ የመጀመሪያው ቡና ሳይጠጣ ግን «ምን ይዘህ መጣህ?» እንለዋለን። ደመወዙን ተነፍጎ ወይም ታምሞ ለመጣ ሰው፣ ይህ ጥያቄ የቤተ ክርስቲያንን ደጅ የሚዘጋ ነው። አንዲት እኅታችን ባዶ እጇን በመመለሷ አፍራ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሳይነቃ መጥታ ደጅ ስማ ትሄድ ነበር። የጽዋ ማኅበር እናቶች ቀርበው ሲያናግሯት፣ በስደት አምስት ዓመት አልጋ የያዙ አረጋዊት ስታስታምም እንደ ኖረች ነገረቻቸው። ዛሬ በአጥቢያዋ ጧሪ ያጡ አረጋውያንን ገላ የምታጥብ፣ ሌሎችንም የምታሠለጥን እርሷ ናት። ባዶ እጇን መጣች ያልናት እኅት ለአጥቢያው የሚያስፈልገውን ይዛ ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገር በትሕትና እንለምናለን።

አንደኛ፣ ተመላሽ ወደ አጥቢያው ሲደርስ የንስሐ አባቱ በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቀው፤ ጥያቄውም «ምን ይዘህ መጣህ?» ሳይሆን «ምን ታውቃለህ? ምንስ ጎዳህ?» ይሁን።

ሁለተኛ፣ አዲስ ሰው የሚያቀርበውን ዕቅድ፣ የእኛም ቢሆን፣ ቦታው በበጋና በክረምት ሳይታይ፣ ውኃ የሚቀዱት እናቶችም ሳይናገሩ አታጽድቁ። ሰነዱ ያማረ ስለ ሆነ ብቻ አትፈርሙ።

ሦስተኛ፣ ስንሳሳት በጊዜ ንገሩን። ብዙ ጊዜ እንግዳን ላለማስቀየም ዝም ይባላል፤ ዝምታው ግን ለአጥቢያው የማይጠቅም ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። በመርከቡ ላይ ያገኘናቸው አባት ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ፣ እንቦጩን መስክ እንዳልን በወረድን ነበር።

የተሰደዱትን በሰላም ይመልስልን፤ ለተመለሱትም የሚሰማ ጆሮ፣ ለእናንተም የሚናገር አንደበት ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።