ቮልቴጅን በጊዜ መለካት፦ ስህተቱ የት ይሄዳል?



የዛሬው ንግግሬ የአናሎግ ምልክትን ወደ ዲጂታል ቁጥር ስለሚቀይሩ ሰርኪዩቶች፣ በተለይም ይህን በጊዜ ልኬት ስለሚፈጽሙት ነው። ትራንዚስተሮች እያነሱ ሲሄዱ የሚሠሩበት ቮልቴጅም አብሮ ወርዷል፤ ቀድሞ 5 ቮልት የነበረው ዛሬ 1 ቮልት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ነው። 1 ቮልትን በ10 ቢት ብንከፋፍለው አንዱ እርከን 1 ሚሊቮልት እንኳ አይሞላም። ኖይዙ ግን በዚያው ልክ አልቀነሰም። በአንጻሩ ትንሹ ትራንዚስተር ፈጥኖ ይበራል፣ ፈጥኖም ይጠፋል። እንግዲህ በቮልቴጅ ያጣነውን ጥራት በጊዜ መፈለግ ተገቢ ይሆናል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ብዙ ዲጂታል መልቲሜትሮች የሠሩበትን ባለሁለት ተዳፋት ዘዴ እንመልከት። ባዶ ካፓሲተር በማይታወቀው ቮልቴጅ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ20 ሚሊሰከንድ፣ ይሞላል። ቀጥሎ በታወቀና ተቃራኒ በሆነ ማጣቀሻ ቮልቴጅ ባዶ እስኪሆን ድረስ ይራገፋል፤ ቆጣሪውም የፈጀውን ጊዜ ይቆጥራል። ማጣቀሻው 1 ቮልት ሆኖ ማራገፉ 10 ሚሊሰከንድ ከፈጀ፣ የፈለግነው ግማሽ ቮልት ነው። የካፓሲተሩና የሬዚስተሩ መጠን ከተጻፈባቸው ቢለይ፣ ክሎኩም በጥቂቱ ቢዘገይ፣ ስህተቱ በሁለቱም ተዳፋት ላይ እኩል ስለሚያርፍ ይጣፋል። ከአገራችን የ50 ኸርዝ መስመር የሚገባው ሁከትም በ20 ሚሊሰከንድ አንድ ሙሉ ዙር ስለሚፈጽም ድምሩ ዜሮ ይሆናል። የማይጣፋው የማጣቀሻው ስህተት ነው። የዘዴው ዋጋ ደግሞ ዝግታ ነው።

ፍጥነት ሲያስፈልግ ኢንቨርተሮችን በቀለበት አያይዘን ኦሲሌተር እንሠራለን፤ የሚለካው ቮልቴጅ ድግግሞሹን ይወስናል፣ እኛም ዑደቶቹን እንቆጥራለን። በአንዱ ቆጠራ ያልተቆጠረው ሽርፍራፊ ለቀጣዩ ይተላለፋል እንጂ አይጠፋም። በዚህም ምክንያት የማጠጋጋቱ ስህተት ወደ ከፍተኛ ድግግሞሽ ይገፋና በማጣሪያ ይወገዳል።

ይሁን እንጂ ቮልቴጁና ድግግሞሹ በቀጥታ መስመር አይዛመዱም፤ ሙቀትም ድግግሞሹን ያዛባል። በተማሪነቴ የሠራሁት የመጀመሪያው ሰርኪዩት በኮምፒውተር ላይ እንከን አልነበረውም። ጠረጴዛ ላይ ግን ጣቴን ቺፑ ላይ ባሳረፍኩ ቁጥር ንባቡ ይለዋወጥ ነበር። ቮልት መለኪያ ሠራሁ ብዬ ቴርሞሜትር ሠርቼ ኖሯል!

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ንድፍ ሲቀርብልኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ፍጥነቱ አይደለም፤ ስህተቱ የት እንደሚሄድ ነው። ይጣፋል? ይተላለፋል? ወይስ እዚያው ይቀራል? ውድ ተማሪዎች፣ ባለሁለት ተዳፋቱን ለመሥራት የቺፕ ፋብሪካ አያስፈልጋችሁም፤ ኦፕ-አምፕ፣ ኮምፓራተር፣ ጥቂት ስዊቾችና ቆጣሪ ይበቃሉ። ሠርታችሁ፣ በእጃችሁ አሙቃችሁ፣ ጥያቄውን ራሳችሁ ጠይቁት።