የሳሳ አጥንት መድኃኒት፦ የትኛው? መቼ? እንዴት?

የዛሬው የጤና ትምህርታችን ስለ አጥንት መሳሳት ነው። ሐኪሞች ኦስቲዮፖሮሲስ ይሉታል።

አጥንት ሲሳሳ አያምም። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሰው ከቆመበት ተንሸራቶ ወድቆ ዳሌው፣ የእጁ አንጓ ወይም የጀርባ አጥንቱ ሲሰበር ነው። «እርጅና ነው» ብለን የምናልፈው የጀርባ መጉበጥና የቁመት ማጠርም ምልክቱ ሊሆን ይችላል። ይበልጥ የሚያሰጋቸው የወር አበባቸው የተቋረጠ እናቶች፣ አረጋውያን፣ እንዲሁም ፕሬድኒሶሎን ለ3 ወርና ከዚያ በላይ የሚወስዱ ሕሙማን ናቸው። ይሁን እንጂ ፕሬድኒሶሎንን ሐኪም ሳያዝ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው።

መድኃኒቱ መቼ ይጀመር? በቀላል አወዳደቅ ዳሌው ወይም የጀርባ አጥንቱ የተሰበረ ሰው መዘግየት የለበትም። አንድ ጊዜ የተሰበረ ሰው እንደገና የመሰበር ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት። የአጥንት መለኪያ መሣሪያ እስኪገኝ ሳይጠብቅ ሐኪም ያማክር።

ከመጀመራችሁ በፊት የኩላሊት ሕመም፣ የመዋጥ ችግር፣ እርግዝና ወይም የሚነቀል ጥርስ ካላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ እጥረት ካለም አስቀድሞ መስተካከል አለበት።

የትኛው ይሻላል? ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚታዘዘው አሌንድሮኔት የሚባለው ኪኒን ነው፤ 70 ሚሊ ግራም በሳምንት 1 ቀን ይወሰዳል። አወሳሰዱ እንዲህ ነው፦

• ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ይዋጣል። በሻይ፣ በቡና ወይም በወተት አይሆንም።
• ለ30 ደቂቃ ሌላ ነገር አይበላም፣ አይጠጣም።
• ለ30 ደቂቃና ቁርስ እስኪበላ ድረስ መቀመጥ ወይም መቆም እንጂ መተኛት አይፈቀድም፤ ጉሮሮን ያቆስላል።
• የካልሲየም ኪኒን በሌላ ሰዓት ይወሰዳል።
• ቀኑን ከረሳችሁ በማግሥቱ ጠዋት አንዱን ውሰዱ፤ ሁለት በአንድ ቀን አትውሰዱ።

ሲውጡ ካመማችሁ ወይም ደረታችሁን ካቃጠላችሁ አቁማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ኑ።

የጾም ወቅትስ? ጿሚ ክርስቲያኖች ቅዳሜን ሊመርጡ ይችላሉ። በረመዳን ደግሞ ከሱሁር 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ መውሰድ ይቻላል።

ኪኒኑ ለማይስማማው ሰው መርፌ አለ። ዞሌድሮኒክ አሲድ በዓመት 1 ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል። ዴኖሱማብ ግን በየ6 ወሩ የሚሰጥ ስለሆነ በሰዓቱ ካልተገኘ ችግር አለው፤ ቀኑ ሲያልፍ አጥንቱ በፍጥነት ተመልሶ ይሳሳል፣ የጀርባ አጥንቶችም ሊሰበሩ ይችላሉ። ስለዚህ ዴኖሱማብ ከመጀመራችሁ በፊት «ቀጣዩን የት አገኛለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወደ ሌላ ካምፕ ወይም አገር የምትሄዱም የመጨረሻው መርፌ የተሰጠበትን ቀን በካርዳችሁ ላይ አስጽፉ።

ኪኒኑ ብዙውን ጊዜ ከ5 ዓመት በኋላ ይቀጥል ወይስ ይቁም ተብሎ በሐኪም ይታያል። ሕመም ስለሌለ ብቻ «ድኛለሁ» ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ።

እናቶቻችንና አባቶቻችን ማታ ሲወጡ መብራት ይያዙ፤ ልጆችም የቤቱን መተላለፊያ ከጀሪካንና ከገመድ አጽዱላቸው። ያልሰማ ጎረቤት ካለ ይህን ወረቀት አንብቡለት።