ስለ ነገረ ፈጅ ተግባር



ለዛሬው ንግግሬ ርእስ ያደረግሁት በታላላቅ ኩባንያዎች ውስጥ በደመወዝ ተቀጥሮ የሚሠራው የሕግ ባለሞያ፣ ማለት በእኛ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ነገረ ፈጅ እየተባለ የሚጠራው ሰው፣ ተግባሩ ምን እንደ ነበረና ዛሬ ከምን እንደ ደረሰ ነው። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ውል የምታዘጋጁ፣ ደብዳቤ የምትፈርሙ፣ መዝገብም ወደ ሕግ ክፍል የምትመሩ ስለ ሆናችሁ፣ ነገሩ ከዕለት ሥራችሁ የራቀ አይመስለኝም።

ስሙ ራሱ ታሪኩን ይነግረናል። ነገረ ፈጅ ማለት ነገርን የሚፈጅ፣ ክርክርን ተሟግቶ ከፍጻሜ የሚያደርስ ማለት ነው። እንግዲህ በስሙ ከሄድን የዚህ ሰው ሥራ የሚጀመረው ጠብ ከተነሣ፣ ክስ ከቀረበና መጥሪያ ከደረሰ በኋላ ነው። አለቃውም የሚያስታውሰው በዚያን ቀን ብቻ ይሆናል።

ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ዓመታቱን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ልጥቀስና፣ በአሜሪካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የባቡር ሐዲድና የነዳጅ ዘይት ኩባንያዎች የሕግ ሰዎች እጅግ የተከበሩ ነበሩ። ስታንዳርድ ኦይል የተባለው ኩባንያ በ1882 ዓ.ም. በየግዛቱ የተበተነውን ንብረቱን በአንድ አመራር ሥር ያዋለበትን ‹ትረስት› የተባለ ድርጅት ያቀደለት የራሱ የሕግ ሰው ሳሙኤል ዶድ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ግን ከባዱ ምክር ሁሉ በውጭ ወደሚገኙት ታላላቅ የጠበቆች ቢሮዎች ስለ ሄደ፣ የውስጡ ሰው በአብዛኛው ተራ ውሎችን የሚመረምርና ወረቀት የሚያመላልስ ሆኖ ቀረ።

ይህ ሁኔታ መለወጥ የጀመረው ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህ ነው። ምክንያቱም በተለይ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የውጭ ጠበቆች የሚያስከፍሉት ዋጋ እየናረ ሄደ። ሁለተኛ፣ ስለ ሠራተኛ ደኅንነት፣ ስለ አየርና ስለ ውሃ ንጽሕና፣ ስለ ሸማቾችም ጥበቃ የወጡት ሕጎች ስለ በዙ፣ ኩባንያዎች በየቀኑ የሚያማክራቸው የቅርብ ሰው አስፈለጋቸው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1987 ዓ.ም. ቤን ሃይነማንን የሕግ ክፍሉ የበላይ አድርጎ በሾመ ጊዜ፣ እኚህ ሰው ከስመ ጥር የጠበቆች ቢሮዎች የበሰሉ ባለሞያዎችን አምጥተው፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በምክሩ እንዲካፈሉ አደረጉ። ሌሎችም ኩባንያዎች ይህንኑ ፈለግ ተከተሉ። ኤንሮን የተባለው ኩባንያ በ2001 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ደግሞ፣ በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ በወጣው ሕግ መነሻነት፣ አክሲዮኑ ለሕዝብ የሚሸጥ ኩባንያ የሕግ ሰው ከባድ የሕግ መጣስ ማስረጃ ባየ ጊዜ ለበላዩ እንዲያስታውቅ፣ ተገቢ መልስ ካላገኘም እስከ ዲሬክተሮች ቦርድ ድረስ እንዲያቀርብ ግዴታ ተደረገበት።

ይሁን እንጂ የማዕርግ ከፍ ማለትና የሕግ መውጣት ብቻቸውን እንደማይበቁ የሚያስረዳ አሳዛኝ ታሪክ አለ። ጄኔራል ሞተርስ የተባለው ኩባንያ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሠራቸው አንዳንድ ትናንሽ መኪናዎች ላይ የሞተሩ ቁልፍ የሚዞርበት ማብሪያ ልል ነበር። መኪናው በጉዞ ላይ ሳለ ቁልፉ በጉልበት ሲነካ ወይም የማንጠልጠያው ክብደት ሲጎትተው ከቦታው ይንሸራተትና ሞተሩ ይጠፋል፤ በግጭት ጊዜ ነጂውን የሚያድነው ኤርባግ የተባለው የአየር ከረጢትም ሳይነፋ ይቀራል። ሰዎች ሞቱ፤ ቤተ ሰቦቻቸውም ከሰሱ።

የኩባንያው ነገረ ፈጆች ምን አደረጉ? እያንዳንዱን ክስ ለብቻው ይዘው፣ ካሣ እየከፈሉ፣ በስምምነት ዘጉት። እንደ ስማቸው ነገሩን ፈጁ ማለት ነው። መዝገቡ ተዘጋ እንጂ ነገሩ ግን አላለቀም፤ ጉድለት ያለባቸው መኪናዎች በየመንገዱ ይሄዱ ነበርና። ከውጭ የተቀጠሩት ጠበቆች ኩባንያው ከባድ የቅጣት ካሣ ሊፈረድበት እንደሚችል ሲያስጠነቅቁ እንኳ፣ ጉዳዩ እስከ ዋናው የሕግ አማካሪ ድረስ አልወጣም።

በመጨረሻ ኩባንያው በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ መኪናዎቹ ለጥገና እንዲመለሱ ጠራ፤ ቍጥራቸውም 2.6 ሚሊዮን ያህል ደረሰ። ለተጎዱት የተቋቋመው የካሣ ገንዘብ 124 የሞት ጉዳዮችን ተቀበለ። አንቶን ቫሉካስ የተባሉት ጠበቃ የምርመራ ዘገባቸውን ባቀረቡ ጊዜ 15 ሠራተኞች ከሥራ ተሰናበቱ፤ ከእነዚህም መካከል የሕግ ክፍል ሰዎች ይገኙባቸዋል። በ2015 ዓ.ም. ኩባንያው ለአሜሪካ መንግሥት 900 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በዚያ ዘገባ ውስጥ ሳይረሳ የሚኖር አንድ ቃል አለ። በስብሰባው ሁሉም በአሳቡ ተስማምቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከወጡ በኋላ ግን አንድም የሚፈጽም አይገኝም ይላል። እንዲህ ያለ ስብሰባ በመሥሪያ ቤታችሁ አይታችሁ የማታውቁ እንደ ሆነ ዕድለኞች ናችሁ።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፣ «ደመወዙን ከአለቃው እጅ የሚቀበል ሰው ለአለቃው መራራ እውነት እንዴት ይነግረዋል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የአውሮጳ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2010 ዓ.ም. በአክዞ ኖቤል ጉዳይ፣ ተቀጣሪው የሕግ ሰው የውጭውን ጠበቃ ያህል ነጻ አይደለም በማለት፣ ኅብረቱ በሚያካሂደው የንግድ ውድድር ምርመራ ከአለቆቹ ጋር የሚጻጻፈው ነገር የጠበቃ ምስጢር ሆኖ እንዳይጠበቅ ፈርዷል። እኔ ግን ከዚህ የምረዳው የነገረ ፈጁ ድፍረት በአለቃው ፈቃድ ላይ ጭምር የተመሠረተ መሆኑን ነው። ክፉ ወሬ ያመጣውን ሰው የሚቈጣ አለቃ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚሰማው ደግ ደጉን ብቻ ይሆናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደ ተባለ፣ መሥሪያ ቤቱም በተደበቀው በሽታ ይጎዳል።

ስለዚህ ሥራው በኩባንያም ሆነ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያው ነው። ውል ከተፈረመ በኋላ ሳይሆን ረቂቁ ሳለ ለነገረ ፈጁ ይታይ። ነገረ ፈጁም ክሶችን አንድ በአንድ ከመዝጋት አልፎ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያስተያያቸው፤ አንድ ዓይነት አቤቱታ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመጣ፣ ሥሩ የት እንዳለ ጠይቆ ለበላዩ በጽሑፍ ያስታውቅ። አለቃውም ጽሑፉን በመሳቢያ ውስጥ አያኑረው፤ ምን እንደ ተደረገ መልስ ይስጥበት። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ማለታቸው ለዚህ ነው። በአሜሪካ መንገዶች ላይ የሞቱት ሰዎች ካሣቸው ለቤተ ሰቦቻቸው በወቅቱ ተከፍሎ ይሆናል፤ እነርሱን ሊያድን ይችል የነበረው ግን ከካሣው በፊት በጊዜው የተጻፈ አንድ ገጽ ማስታወሻና ያን ማስታወሻ አንብቦ የሚያዝ ሰው ነበር።